ረጅም ርቀት ዒላማ ለምትተኩሱ፦ ባንዲራውን ብቻ አትመኑ

ኦሃዮ ውስጥ ኢሪ ሐይቅ ዳር ባለው የካምፕ ፔሪ ሜዳ በ1000 ያርድ፣ ማለትም በ914 ሜትር፣ ለሚወዳደር ሰው ትልቁ ባላጋራ ነፋስ ነው። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ የተለመደውን የ.308 ካሊበር የጠመንጃ ጥይት እዚያ እስኪደርስ ከ2 ሜትር በላይ ይገፋዋል።

ስለዚህ የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳየውን የሜዳውን ባንዲራ ብቻ አይታችሁ አትተኩሱ። መመልከቻ መነጽራችሁን ዒላማው ላይ ካጠራችሁ በኋላ ከዒላማው ትንሽ ወደ እናንተ ቀረብ ያለው ቦታ እንዲጠራ ማጥሪያውን መልሱት። በጋለ አስፋልት ላይ እንደሚታየው የሚርገበገብ አየር ታያላችሁ። እንደ ወንዝ ወደ ጎን ከፈሰሰ ነፋሱ የሚሄደው ወደዚያው ነው። እንደሚፈላ ውሃ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከወጣ ግን ወይ ነፋስ የለም፣ ወይ ከፊት ወይ ከኋላ እየመጣ ነው። እዚህ ላይ እባካችሁ አትቸኩሉ! ብዙ ጊዜ ነፋሱ አቅጣጫ ሊቀይር ሲል ነው፤ ወደ አንድ ጎን መፍሰስ እስኪጀምር ጣታችሁን ከቃታው አርቁ።

ጥይታችሁን ጥላ ውስጥ አስቀምጡ። ባሩዱ ሲሞቅ የጥይቱ ፍጥነት ይጨምርና ከፍታው ይዛባል። አፈሙዙ ሲግልም የራሱ ሙቀት በጠመንጃው መነጽር ፊት እየተነሳ ዒላማውን ያወዛውዘዋል፤ ከላዩ ሰፋ ያለ የጨርቅ ጥብጣብ ወጥራችሁ ብትዘረጉበት ልዩነቱን ወዲያው ታዩታላችሁ።