ዘንጉ አልወርድ ሲል፦ የድሮ የፈረንሳይ ጠመንጃ ችግርና መፍትሄ

ይህን የምጽፈው የ19ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ጦር ጠመንጃ ገዝታችሁ ወይም ወርሳችሁ “ይሄ ነገር ምን ሆኖ ነው?” ለምትሉ ነው። ብዙ ጊዜ ገበያ ላይ የሚገኙት በ1800 እና 1801 የተሻሻለው የ1777 ሞዴል፣ 1822፣ 1842፣ ከዚያ ሻስፖ 1866 እና ግራ 1874 ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ግራን እኛም እናውቀዋለን። አባቶቻችን ውጅግራ ያሉት እሱን ነው፤ “ፉዚ ግራ” የሚለው የፈረንሳይኛ ስም በእኛ አፍ ሲዞር እንዲህ ሆነ።

ዘንጉ እስከ ታች አይወርድም

ከሁሉም በፊት ይሄን አድርጉ። ጠመንጃው እጃችሁ እንደገባ፣ ገና ሳታደንቁት። ቀጭን የእንጨት ዘንግ በአፈሙዙ በኩል እስኪቆም አስገቡ፣ ከአፉ እኩል ምልክት አድርጉበት፣ አውጡትና ከቱቦው ጎን በውጭ በኩል አጋድሙት። ምልክቱ ከአፈሙዙ እኩል ሲሆን፣ ጫፉ እሳት ወደ ውስጥ የሚገባበት ቀዳዳ አጠገብ መድረስ አለበት። አራት አምስት ሴንቲሜትር ቀድሞ ከቆመ ውስጥ አንድ ነገር አለ።

ጨርቅ ሊሆን ይችላል። የተርብ ጎጆም ይሆናል። ግን ጠመንጃው እንደጎረሰ ሊሆንም ይችላል፣ እስክታረጋግጡ ድረስም ጎርሷል ብላችሁ ያዙት። እኛ ጋ “ቆመህ ጠብቀኝ” የሚባለው ዓይነት በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃን ሳይተኩሱ ባዶ ማድረግ አድካሚ ነው፤ ስለዚህ ባለቤቱ እንደጎረሰ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል፣ ይሞታል፣ ጠመንጃው ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። ጥቁር ባሩድ ደግሞ ከደረቀ ዕድሜ አይገድበውም፣ ከ150 ዓመት በኋላም ይነዳል።

የመጀመሪያዬን 1822 የሸጠልኝ ሰው “ባዶ ነው፣ አይቼዋለሁ” ብሎኝ ነበር። ቤት ወስጄ በዘንግ ስለካው ስድስት ሴንቲሜትር ጎደለ። ባለሙያ ሲያወጣው ክብ እርሳስ፣ ከሥሩም ደረቅ ባሩድ ወጣ። በዚያው ቀን ልጆቼ ምላጩን እየሳቡ ሲጫወቱበት ነበር። ካፕሱል (መምቻው ሲመታው እሳት የሚረጭ ትንሽ የብረት ቆብ) ስላልነበረው ብቻ ነው የተረፍነው።

መፍትሄው አጭር ነው። አታሙቁት፣ አትሰርስሩት፣ አፈሙዙን ወደ ሰው አታዙሩ። በእሳት ቀዳዳው በኩል ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ወይም ውሃ አንጠባጥቡና ባሩዱን አርጥቡት፣ ከዚያ ለጠመንጃ ሠሪ ስጡ። ራሳችሁ ለማውጣት አትሞክሩ።

ከመምቻው ሥር ባለው ሳህን ላይ የተደፈኑ ቀዳዳዎች አሉ

ብዙ ሰው ይሄን ሲያይ “ተጭበረበርኩ” ይላል። አልተጭበረበራችሁም። 1822 ሲሠራ በባልጩት ነበር የሚተኩሰው። በኋላ ጦሩ ወደ ካፕሱል ለወጠው፤ የባሩዱ ጽዋና ባልጩቱ የሚመታው ብረት ተነስተው ቀዳዳዎቻቸው ተደፈኑ። በቱቦው ጭራ ላይ ከ1822 ቀጥሎ “ቲ” የምትል የላቲን ፊደል ካገኛችሁ “ተለወጠ” ማለት ነው። “ቲ ቢስ” ከሆነ ለሁለተኛ ጊዜ ተለውጧል፣ ውስጡን በባትሪ ብታዩት ጠመዝማዛ መስመር ተቀርጾበታል።

መጠንቀቅ ያለባችሁ ከተቃራኒው ነው። የባልጩት ጠመንጃ ውድ ስለሆነ የተለወጠውን መልሰው ባልጩት የሚያደርጉ አሉ። ጽዋው ከሳህኑ የተለየ ቀለም ካለው፣ እሳት ቀዳዳው አካባቢ የብየዳ ጥላ ካለ፣ አዲሱ ክፍል ጠርዙ ስለታም ሆኖ አሮጌው ከተሸረሸረ፣ ዋጋውን በተለወጠ ጠመንጃ ልክ ተደራደሩ ወይም ተዉት።

ሳህኑ ላይ ያለው ጽሑፍና ቱቦው ላይ ያለው ዓመት አይገጥምም

የፈረንሳይ ፋብሪካዎች፣ ሻርልቪል፣ ሴንት ኤቲየን፣ ሞቤዥ፣ ቱል፣ ሙትሲግ፣ ሻቴልሮ፣ ስማቸውን ሳህኑ ላይ ይጽፉ ነበር። ከስሙ በፊት ያለችው ቃል መንግሥቱን ትነግራችኋለች። ከ1804 እስከ 1814 “ኢምፔሪያል” ነው። ከዚያ እስከ 1848 “ሮያል” (ናፖሊዮን በ1815 ለጥቂት ወራት የተመለሰበትን ትታችሁ)። ከ1848 በኋላ “ናሲዮናል”፣ ከ1852 ጀምሮ እንደገና “ኢምፔሪያል”። ስለዚህ ቱቦው 1835 እያለ ሳህኑ “ኢምፔሪያል” ካለ ሁለቱ አብረው አልተወለዱም።

ይሄ በራሱ ጥፋት አይደለም። የጦር ግምጃ ቤት ሲጠግን ካገኘው ክፍል ነበር የሚገጥመው። የእንጨቱን ጎድጓዳ ተመልከቱ። ሳህኑ ጥብቅ ብሎ ከተቀመጠና በዙሪያው ያለው ቆሻሻ የድሮ ከሆነ ትዳሩ አሮጌ ነው። ክፍተት ካለና ክፍተቱ በአዲስ ሙጫ ከተሞላ ግን ሻጭ ነው ያጋባቸው።

“የሻርልቪል ነው” ተብሎ የተሸጠ ጠመንጃ ላይ የቤልጂየም ማኅተም አለ

በሞላላ ክብ ውስጥ “ኢ”፣ “ኤል”፣ “ጂ” የሚሉ ሦስት ፊደላት ታያላችሁ። የሊዬዥ ከተማ የጠመንጃ መፈተሻ ማኅተም ነው። ወይ ቤልጂየም የተሠራ ቅጂ ነው፣ ወይ ፈረንሳይ የጣለችው ጠመንጃ በሊዬዥ ነጋዴ እጅ አልፏል። ሁለተኛው ከሆነ የፈረንሳይ ማኅተሞች ከሥሩ በከፊልም ቢሆን ይታያሉ፤ በአጉሊ መነጽር ፈልጉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይሄ ታሪክ ወደ እኛ ይመጣል። ፈረንሳዊው ገጣሚ፣ በኋላ ጠመንጃ ነጋዴ የሆነው አርተር ራምቦ፣ በታኅሣሥ 1885 ከታጁራ (ዛሬ ጅቡቲ ውስጥ ያለች ወደብ) ለቤተሰቡ ሲጽፍ ለንግድ የያዘውን ዕቃ ገልጾታል። ከ40 ዓመት በፊት ከአገልግሎት የወጡ የካፕሱል ጠመንጃዎች ናቸው፤ ሊዬዥ ወይም ፈረንሳይ የአሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች ጋ 7 ወይም 8 ፍራንክ ያወጣሉ፤ ለሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ግን 40 ፍራንክ ገደማ ይሸጣሉ ይላል። በ1887 ሸዋ ደረሰ። እና ያቺን ሞላላ ማኅተም ያለባት የተጎሳቆለች ጠመንጃ አይቶ “ቅጂ ናት” ብሎ የሚያጣጥላት ሰው ያናድደኛል። ዋጋዋ ከንጹሕ ሻርልቪል ያንሳል፣ እውነት ነው። የተጓዘችው መንገድ ግን ረጅም ነው።

ብረቱ ቀልቷል ወይም ጠቁሯል

በጣትና በነጭ ጨርቅ እሹት። ጨርቁ ላይ ቀይ ዱቄት ከቀረ ዝገቱ እየበላ ነው። ምንም ካልቀረና ቀለሙ ጥቁር ቡናማ ከሆነ የረጋ ነው፣ ተዉት። በአፍ የሚጎርሱት እነዚህ የእግረኛ ጠመንጃዎች ሲሠሩ ብረታቸው እንደ መስታወት ያበራ ነበር፣ ወታደሩም ሲፈትግ ይውል ነበር። ስለዚህ አንዳንዱ “ወደ ጥንቱ ልመልሰው” ብሎ በማሽን ያበራዋል። ይሄን አታድርጉ፣ እባካችሁ። ፊደሉና ማኅተሙ አብሮ ይጠፋል፣ ግማሽ ዋጋውም አብሮ ይሄዳል።

ለቀዩ ዝገት ዘይት ቀቡት፣ አንድ ቀን ተዉት፣ ከዚያ እንደ ጥጥ በለሰለሰው ባለ አራት ዜሮ (በጣም ደቃቅ በሆነው) የብረት ሽቦ ቀስ ብላችሁ አንሱት። ጠርጉና ሰም ቀቡት። ዝገቱ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ከተመለሰ ምክንያቱ የእጃችሁ ጨው ነው ወይም ማስቀመጫው ነው። በጓንት ያዙት። በቆዳ ከረጢት አታስቀምጡ።

ሰደፉ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኗል

ከቀዳዳው ሥር አዲስ ነጣ ያለ ዱቄት ከወደቀ ነቀዙ በሕይወት አለ። ጠመንጃውን በፕላስቲክ አየር እንዳያስገባ አድርጋችሁ አሽጉት፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ትልቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ካወጣችሁት በኋላ አንድ ቀን ሙሉ ሳትከፍቱ ተዉት፣ አለዚያ ብረቱ ላይ ላብ ይወጣና በዝገት ትካሳላችሁ። ብርጭቆ ወረቀት ሰደፉ ላይ አታስነኩ። ክብ የሆነ፣ ዓመትና የፋብሪካ ስም ያለበት ማኅተም እዚያ ላይ ነው፤ ከጠፋ አይመለስም።

መምቻው መሃል ላይ አይቆምም

መጀመሪያ የደረቀ ዘይት ነው ብላችሁ አስቡ። ሳህኑን ስትፈቱ ለብሎኑ ልክ የሚገባ ካቻቢቴ ተጠቀሙ፤ ከጠበበ ብሎኑን ይቦጭረዋል። አጽድታችሁ ካልተስተካከለ ሞላው ደክሟል ወይም ጥርሱ ተበልቷል። ጥርሱን በሞረድ አትንኩ። ባለሙያ ይየው።

ሻስፖ ነው ተብሎ ገዝቼ የብረት ጥይት የሚወስድ ሆነ

ሻስፖ የወረቀት ጥይት በመርፌ የሚተኩስ ነበር፣ ጋዙን የሚይዘውም የጎማ ቀለበት ነው። ፈረንሳይ ግራን ስትቀበል ብዙ ሻስፖዎችን ወደ ግራ ለወጠች። “1866-74” የሚል ጽሑፍ ካያችሁ የተለወጠው ነው። ያልተለወጠ ሻስፖ ላይ ጎማው ደርቆ ከተሰነጠቀ አዲስ መግጠም ይቻላል፤ አሮጌውን ግን አትጣሉ፣ በትንሽ ላስቲክ አድርጋችሁ ስም ጻፉበት። ግራ ላይ ደግሞ ቱቦው ላይ ያለውን ቁጥር ከተንሸራታቹ ቃታ ቁጥር ጋር አስተያዩ። ካልገጠመ የሌላ ጠመንጃ ቃታ ነው፣ ማሳያ ብቻ አድርጉት እንጂ በሱ አትተኩሱ።