ከተለያየ ዕቃ የተገጠመ ቤዝ ጊታር፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

አንገቱ ከአንድ ፋብሪካ፣ ገላው ከሌላ፣ ብሪጁ (ክሮቹ ገላው ላይ የሚታሰሩበት ብረት) እና ፒክአፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው) ደግሞ ከሦስተኛ መጥቶ የተገጠመ ቤዝ ሲያስቸግር ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያነሳው የትረስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን የጉብጠት ማስተካከያ ዘንግ) ቁልፍ ነው። ለጊዜው ያስቀምጡት። እንዲህ ባለ ቤዝ ላይ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ጤነኛ ሆኖ ችግሩ የሚፈጠረው ሁለቱ በተገናኙበት ቦታ ነው፤ አንገቱ ገላው ውስጥ በተቀመጠበት፣ ብሪጁ በታሰረበት፣ ፒክአፑ ከፖቱ (ከቮልዩም ወይም ከቶን ማዞሪያው) ጋር በተበየደበት። ስለዚህ መጀመሪያ ልኬት፣ ቀጥሎ መገጣጠሚያ፣ ከዚያ ጉብጠትና የክር ከፍታ፣ በመጨረሻ ኤሌክትሪክ ይታያል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ያስተካከሉትን እንደገና ማስተካከል አይቀርም።

የ60 ሴንቲሜትር የብረት ማስመሪያ፣ ካሊፐር፣ ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካባቸው ስስ ብረቶች)፣ ካፖ (ክሮቹን አንገቱ ላይ ተጭኖ የሚይዝ መቆንጠጫ)፣ ቱነር፣ ቴስተር፣ ካውያና ድሪል ካለ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ቤት ውስጥ ይሠራል።

ክሩ በባዶው ተቃኝቶ ወደ ላይ ሲወጡ ቅኝቱ ይበላሻል

12ኛው ፍሬት (አንገቱን አቋርጠው ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች አንዱ) ላይ ክሩን በጣት ነካ አድርገው የሚያወጡትን ሃርሞኒክ እዚያው ፍሬት ላይ ተጭነው ከሚወጣው ድምፅ ጋር በቱነር ያወዳድሩ። ተጭነው ያወጡት ከፍ ካለ ሳድሉን (ብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍበትን ትንሽ ብረት) ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ አንገቱ ይውሰዱት። ሳድሉ ጫፍ ደርሶ አሁንም ካልገጠመ ጥፋቱ የብሪጁ ቦታ ነው።

ከነት (በአንገቱ ራስ በኩል ክሮቹ የሚያርፉበት ስንጥቅ ያለው ቁራጭ) እስከ 12ኛው ፍሬት ያለውን ርቀት ይለኩና በሁለት ያባዙት። በ34 ኢንች አንገት እስከ 12ኛው ፍሬት 431.8፣ እስከ ብሪጁ 863.6 ሚሊሜትር ነው። በ30 ኢንች አጭር አንገት ደግሞ 381 እና 762 ይሆናል። ይበልጥ የሚያታልለው ግን ሁለቱም 34 ኢንች ሆነው የፍሬት ብዛታቸው ሲለያይ ነው። ከ20ኛው ፍሬት እስከ ብሪጁ 272 ሚሊሜትር ሲሆን ከ24ኛው ግን 216 ብቻ ነው። ስለዚህ ተረከዙ (ገላው ውስጥ የሚገባው የአንገቱ ጫፍ) 24ኛው ፍሬት ላይ የሚያልቅ አንገት ለ20 ፍሬት በተቀረጸ ገላ ላይ ከገባ ብሪጁ 56 ሚሊሜትር ወደ ፊት መምጣት አለበት። ያ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የፒክአፑ ነው። እንዲህ ያለውን አንገት ይመልሱት ወይም ለሌላ ገላ ያቆዩት። 21 ፍሬት ያለው አንገት ግን ትርፍ ፍሬቱ ከተረከዙ አልፎ ገላው ላይ የሚንጠለጠል ከሆነ ምንም አያውክም።

የጎደለው ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ከሆነ ከሳድሉ በስተኋላ ያለውን ስፕሪንግ በግማሽ መቁረጥ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ብሪጁን ማዛወር ግድ ነው። የጂ ክር ሳድል ወደ ፊት ሊያልቅ ጥቂት ዙር ሲቀረው በ34 ኢንች አንገት ከነት 864 ሚሊሜትር ላይ እንዲያርፍ አድርገው ብሪጁን ያስቀምጡ፤ የኢ ሳድል ከእሱ ከ4 እስከ 6 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ስለሚቀር ለእሱም ቦታ ይኑረው። አዲሱ ቀዳዳ ለአሮጌው ከቀረበ ፑንታው ተንሸራቶ ወደ አሮጌው ይገባል። ስለዚህ አሮጌውን ቀዳዳ በ6 ሚሊሜትር ፑንታ አስፍተው በኮላ የተቀባ ክብ የጠንካራ እንጨት ዘንግ ይምቱበት፣ አንድ ሌሊት ያድርቁት፣ ከዚያ ይብሱ። ለ3.5 ሚሊሜትር ቪት 2.5 ሚሊሜትር ፑንታ ይስማማል። በጥርስ መፋቂያ እንጨት የተሞላ ቀዳዳ የቤዝ ክር ውጥረት ሲበዛበት ይላላል፤ ለብሪጅ አይመከርም።

የኢ ወይም የጂ ክር ከአንገቱ ጠርዝ ሊወድቅ ይደርሳል

አንገቱ መቀመጫው ውስጥ ትንሽ ዞሯል፣ ወይም ብሪጁ ከመሃል ወጥቷል። የመጀመሪያው ቀላል ነው፦ ክሮቹን በግማሽ አላልተው የአንገቱን አራት ቪቶች ግማሽ ዙር ይፍቱ፣ አንገቱን በእጅ ወደሚፈለገው ጎን ገፍተው ይያዙ፣ እንደያዙ ያጥብቁ። ሁለቱ የዳር ክሮች ከጠርዙ እኩል ሲርቁ ተስተካክሏል። ተረከዙ 62፣ መቀመጫው 64 ሚሊሜትር ሆኖ አንገቱ የሚወዛወዝ ከሆነ በአንድ ጎን ስስ የእንጨት ልጥ በኮላ ይለጥፉ። አንገቱን መግፋት ካልጠቀመ ብሪጁን ከላይ በተባለው መንገድ ያዛውሩ።

ክሩ ከፍ ብሎ ሳድሉ መሬት ነክቷል፣ ወይም ክሩ ዝቅ ብሎ ሳድሉ ጣሪያ ደርሷል

አብዛኛው ከተለያየ ዕቃ የተሠራ ቤዝ የሚወድቅበት ቦታ ይህ ነው፤ ስለዚህ በጥንቃቄ ይታይ።

አንገቱን ከመቀመጫው ያውጡና ወለሉን በደማቅ ብርሃን ይመልከቱ። የገላው ቀለም ማዕዘኑ ላይ ተጠራቅሞ እንደ ጠርዝ ቆሞ ከሆነ ተረከዙ ከእንጨቱ ሳይሆን ከቀለሙ ላይ ነው የተቀመጠው። ያንን በስለት ፍቀው ያስተካክሉ። ቀጥሎ የቪቶቹን ቀዳዳ ይሞክሩ፦ ቪቱ በገላው ውስጥ በጣት ተገፍቶ ያለ ካቻቢቴ ማለፍ አለበት። ቪቱ ገላውንም አንገቱንም ከነከሰ ምንም ያህል ቢያጠብቁት በሁለቱ መሃል ያለውን ክፍተት እንዳለ ይዞት ይቀራል። ወፍራም ቪት ያለው ቤዝ ላይ ድምፁ የሚደክመውና አንገቱ ቀስ በቀስ የሚንቀሳቀሰው በዚህ ነው። ለ4.2 ሚሊሜትር ቪት የገላውን ቀዳዳ በ5 ሚሊሜትር ያስፉ፣ አንገቱን ግን በ3.2 ይብሱ። ከመብሳትዎ በፊት ቪቱ ከገላው ወጥቶ ምን ያህል እንደሚገባ ለክተው ፑንታው ላይ በቴፕ ምልክት ያድርጉ፤ ተረከዙ 25 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ስላለው በችኮላ የተበሳ ቀዳዳ ፍሬት ቦርዱን ሊወጋ ይችላል።

ከታጠበቀ በኋላ በተረከዙና በመቀመጫው መሃል ወረቀት ማስገባት የማይቻል ከሆነ መገጣጠሚያው ጥሩ ነው። ያኔም ሳድሉ መሬት ነክቶ ክሩ ከፍ ያለ ከሆነ የአንገቱን ዘንበል መቀየር ያስፈልጋል። በመቀመጫው ወለል ላይ በብሪጁ በኩል ባለው ጫፍ 0.5 ሚሊሜትር ስፔሶር ያስገቡ። በተለመደው ቤዝ ይህ ሳድሎቹን ወደ 2 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ለማድረግ ቦታ ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ ከማስገባት በፊት ይህንን ይሞክሩ። ስፔሶሩ ጠባብ ቁራጭ ከሆነ ተረከዙ መሃሉ ባዶ ሆኖ ስለሚቀር በጊዜ ብዛት የመጨረሻዎቹ ፍሬቶች ወደ ላይ ይነሳሉ። ከአንድ ጫፍ 0.5፣ ከሌላው ዜሮ ሆኖ መቀመጫውን ሙሉ የሚሸፍን የእንጨት ስፔሶር መሥራት የሚያስከፍለው ጥቂት የብርጭቆ ወረቀትና ትዕግሥት ነው፣ ይገባዋልም። ሳድሉ ጣሪያ የደረሰበት ተቃራኒ ችግር ሲሆን ስፔሶሩ በነት በኩል ባለው ጫፍ ይገባል።

ዝዝ የሚል ድምፅ

የት እንደሚሰማ መንስኤውን ይነግራል። በባዶ ክር ብቻ ከሆነ የነቱ ስንጥቅ በጣም ጠልቋል፤ ክሩን 3ኛው ፍሬት ላይ ሲጫኑ 1ኛው ፍሬት ላይ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊሜትር ክፍተት መቅረት አለበት። ከ1ኛ እስከ 5ኛው ፍሬት ከሆነ አንገቱ በጣም ቀጥ ብሏል። 1ኛው ፍሬት ላይ ካፖ አድርገው የመጨረሻውን ፍሬት ይጫኑ፣ 8ኛው ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት በፊለር ጌጅ ይለኩ። 0.3 ሚሊሜትር መልካም ነው። ከዚያ ካነሰ ትረስ ሮዱን ወደ ግራ ሩብ ዙር ያላሉ፣ እንደገና ቃኝተው ይለኩ። ወደ ቀኝ ሲያጠብቁ ክሮቹን ቀድመው ያላሉ፤ ቁልፉ እምቢ ካለ አያስገድዱት። በላይኛው ፍሬቶች ከሆነ የክሩ ከፍታ አንሷል፤ 12ኛው ፍሬት ላይ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊሜትር ይሁን። አንድ ፍሬት ላይ ብቻ ከሆነ ቀጥሎ ያለው ፍሬት ከፍ ብሏል።

እምም የሚል ድምፅ

ክሩን በእጅ ሲነኩ ድምፁ ከቀነሰ ግራውንዱ (የብረት ክፍሎቹን ከጃኩ ጋር የሚያገናኘው መስመር) ደህና ነው፣ የጎደለው መከለያ ነው፤ የፒክአፕና የፖት ጉድጓዶቹን በመዳብ ቴፕ ሸፍነው ቴፑን ከግራውንድ ጋር ይበይዱ። ክር ሲነኩ ምንም ሳይለወጥ የጃኩን (የኬብል መሰኪያውን) ብረት ሲነኩ ከቀነሰ የብሪጁ ግራውንድ ሽቦ አልነካም። በጥቁር የተቀባ ብሪጅ ላይ ሽቦው ቀለሙን ብቻ ነክቶ ተቀምጦ ሊሆን ስለሚችል ከሥሩ ያለውን ቀለም እስከ ብረቱ ይፋቁ። በቴስተር ከብሪጁ እስከ ጃኩ ከ1 ኦም በታች ማንበብ አለበት። ክር ሲነኩ ድምፁ ከጨመረ ጃኩ ላይ ሁለቱ ሽቦዎች ተገላብጠዋል።

በጃዝ ቤዝ ዓይነት ሁለት ፒክአፖች፣ እኩል ሲከፈቱ ዝም ብለው አንዱ ሲቀነስ እምም ማለታቸው ጤነኛ ጠባያቸው ነው።

ድምፁ ቀጭን፣ ወይም የታፈነ ነው

ሁለቱም ፒክአፖች ሲከፈቱ ወፍራሙ ድምፅ ከጠፋ አንዱ ከሌላው ጋር ተቃራኒ ተበይዷል። ከየፋብሪካው የመጡ ፒክአፖች ሲገናኙ የተለመደ ነው። በአንደኛው ላይ ሁለቱን ሽቦዎች ያለዋውጡ፤ የብረት ሽፋኑ ከግራውንድ ሽቦው ጋር የተያያዘ ፒክአፕ ካለ ያንን ትተው የሌላውን ይለውጡ።

ድምፁ በብርድ ልብስ እንደተሸፈነ ከሆነ የፖቶቹን ቁጥር ያንብቡ። ከአክቲቭ (በባትሪ ከሚሠራ) ቤዝ የተነቀለ 25 ኪሎ ኦም ፖት ተራ ፒክአፕ ላይ ሲገባ ጥርት ያለውን ድምፅ ያጠፋዋል፤ 250 ኪሎ ኦም ያድርጉት። በተቃራኒው 250 ኪሎ ኦም ፖት በአክቲቭ ፒክአፕ ላይ ቮልዩሙን እንደ መብራት ማብሪያ ያደርገዋል፣ ለእሱ 25 ይስማማል።

አንዱን ቮልዩም ሲዘጉ ሁለቱም ፒክአፖች ዝም ካሉ፣ ከፒክአፑ የመጣውን ሽቦ ወደ ፖቱ መካከለኛ እግር፣ ወደ ጃኩ የሚሄደውን ወደ ዳሩ ያዙሩት። ባትሪው ቶሎ የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ ጃኩ ስቴሪዮ መሆኑንና የባትሪው ኔጌቲቭ በመካከለኛው ንክኪ ላይ መበየዱን ያረጋግጡ። ይህ ከሆነ ኬብሉን ሲነቅሉ ባትሪው ይዘጋል።

የአንገቱ ራስ ወደ መሬት ይወርዳል

ቀላል ገላ ከከባድ መቃኛ ቁልፎች ጋር ሲገናኝ ይህ ይከሰታል። ክብደቱን ከአንገቱ ራስ መቀነስ ገላው ላይ ከመጨመር ይልቅ ይሠራል፤ ቀለል ያሉ ቁልፎች ያስገቡ፣ ግን መጀመሪያ የአንገቱ ራስ ላይ ያለውን የቁልፍ ቀዳዳ ይለኩ። 14 እና 17.5 ሚሊሜትር ሁለቱም የተለመዱ ስለሆኑ ሳይለኩ የተገዛ ቁልፍ ወይ አይገባም ወይ ይወዛወዛል። ሰፊና ሸካራ የቆዳ ማንገቻም የሚንሸራተተውን በደንብ ይይዛል።