ጌትን «አገኘ» ብሎ መሸምደድና ሌሎች ስህተቶች

የማርመው የእንግሊዝኛ ደብተር ሁሉ «ጌት (get) = አገኘ» የሚል መስመር አያጣም። ትርጉሙ ልክ ነው። ችግሩ እዚያው ላይ ማቆሙ ነው። ተማሪው «ሂ ጎት ኦልድ» (ጎት የጌት ኃላፊ ጊዜ ነው) ሲያነብ «እርጅና አገኘ» ይላል። ከዚያ ይደነግጥና የሃምሳ ትርጉም ሰንጠረዥ ሠርቶ ሌሊቱን ሲሸመድድ ያድራል። ኧረ በፈጠራችሁ፣ ሰንጠረዡን ተዉት!

ጌት ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከጥንቱ የስካንዲኔቪያ ቋንቋ፣ ከኖርስ ነው። እዚያ «ጌታ» ነበር የሚባለው። (ከእኛው ጌታ ጋር ዝምድና የለውም፤ ይህን የምለው ክፍል ውስጥ ሁሌ ሳቅ ስለሚፈጥር ነው።) የጥንት ሥሩ መያዝ፣ መጨበጥ ነው። «ፎርጌት» ውስጥም የዚሁ ሥር ዘመድ አለ፤ ረሳ ማለት የያዘው አመለጠው ማለት ነው። ስለዚህ ጌትን ስታዩ «ሰውዬው ምን ላይ ደረሰ?» ብላችሁ ጠይቁ። ዕቃ ከሆነ አገኘ፣ ቦታ ከሆነ ደረሰ፣ ሁኔታ ከሆነ ሆነ ነው። ጌት ኦልድ አረጀ፣ ጌት ሪች ከበረ፣ ጌት ዌት ረጠበ። አለቀ።

«ደክሞኛል» ለማለት «አይ ጌት ታይርድ» አትበሉ። እሱ «ይደክመኛል» ነው፣ ልማድን ነው የሚናገረው። አንዷ ተማሪዬ ሥራ ልትቀጠር ረጅም መንገድ ተጉዛ ሄዳ፣ እንዴት ነሽ ስትባል ይህንኑ አለች። ጠያቂው «ሥራው ገና ሳይጀመር?» አላት። «አይ አም ታይርድ» ብትል ይበቃት ነበር።

«ወራጅ አለ!» እያልን ስላደግን ከሁሉም መኪና «ጌት ዳውን» ማለት ይቀናናል። ለቤት መኪና ጌት ኢንና ጌት አውት ነው። ለአውቶቡስና ለባቡር ጌት ኦንና ጌት ኦፍ። ሚኒባሳችን ጎንበስ ቢያሰኝም ከአውቶቡስ ወገን ነው።

«ጌት ማሪድ» ስትሉ «ዊዝ» አትጨምሩ፣ «ቱ» ነው። «ጌት ቱ ሆም» ደግሞ የለም፤ ጌት ሆም ብቻ።

በማመልከቻ ደብዳቤ ላይ ጌት አታብዙ።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁ «ሃቭ ጎት» በማለት ፈንታ «ሃቭ ጎተን» ሲሉ ግን ለማረም አትቸኩሉ። ስንቱ አስተማሪ ነው «የተበላሸ እንግሊዝኛ» እያለ የሚሰርዘው! በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ዘፍጥረት 4፥1 ላይ፣ ሔዋን ቃየንን ስትወልድ «አይ ሃቭ ጎተን ኤ ማን ፍሮም ዘ ሎርድ» ትላለች። ቃሉ እንግሊዝ አገር እየቀረ ሄደ እንጂ አሜሪካኖች አልፈጠሩትም። ደግሞም ይኸው ሰራዥ አስተማሪ «ፎርጎተን» ሲል ቅር አይለውም። ልዩነቱን ብቻ ያዙ፦ አሜሪካኖቹ ዘንድ «አይቭ ጎት ኤ ጆብ» ሥራ አለኝ ነው፣ «አይቭ ጎተን ኤ ጆብ» ደግሞ ሥራ አግኝቻለሁ።