ዳክ ቴልስን ስትጫወቱ ከዘራውን አትልቀቁ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ በላፕቶፑ ዳክ ቴልስ የሚባለውን የድሮ ጌም ሲጫወት አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነበር። አማዞን የሚባለው ስቴጅ ላይ ያለ አንድ እሾህ ሦስት ጊዜ ገደለው። "አጎቴ፣ ይሄ ጌም ተበላሽቷል" አለኝ። ጌሙስ ደህና ነው። ካፕኮም የተባለው ኩባንያ በ1989 እ.ኤ.አ. ለኒንቴንዶ መጫወቻ ሲያወጣው እንደነበረው ነው። የተበላሸው የሱ ጣት ነው።

የጌሙ ጀግና፣ ሀብታሙ ሽማግሌ ዳክዬ ስክሩጅ ማክዳክ፣ በከዘራው የሚነጥረው እንዲህ ነው። በኤ ቁልፍ ትዘላላችሁ። አየር ላይ እያላችሁ የታች ቀስቱንና የቢ ቁልፍን አንድ ላይ ትጫናላችሁ። ከዚያ ቢን አትለቁም። በቃ! ጀማሪ ግን ገና መሬት ላይ እያለ የታች ቀስቱን ይጫናል። ሽማግሌው ቁጢጥ ይላል፣ ጠላት ይደርሳል፣ አለቀለት። ሌላው አንዴ ከነጠረ በኋላ ደስ ብሎት ቢን ይለቃል። ከዘራው ሳይወጣ ጠላት ላይ መውደቅ ራስን ማስመታት ነው። ከዘራው ከወጣ ግን እሾህ ላይ ሳይቀር እየነጠራችሁ ታልፋላችሁ። "አትልቀቀው!" እያልኩ ጉሮሮዬ ደረቀ። የባሰባቸው ደግሞ በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣው አዲሱ እትም የጀመሩት ናቸው። እዚያ በአንድ ቁልፍ መንጠር ስለሚቻል ጣታቸው ሰንፏል።

ሂማላያ ስቴጅ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ለስላሳው በረዶ ላይ ከነጠራችሁ ከዘራው ይቀረቀራል። እናንተ ስትታገሉ ጥንቸሉ ይመጣል።

የአፍሪካ ማዕድን ማውጫ ስቴጅን ቀድማችሁ አትምረጡ፤ የበሩ ቁልፍ ያለው ትራንሲልቫኒያ ስቴጅ ውስጥ ነው።

ባዶ የሚመስል ቦታ ላይ ዝለሉ። አልማዝ ከአየር ላይ ዱብ ይላል። ብዙ ሰው ገንዘቡን እንደ ተራ ነጥብ ቆጥሮ እየሮጠ ያልፋል፤ መጨረሻ ላይ የምታዩትን የሚወስነው ግን እሱ ነው። ደግሞስ ስክሩጅን ይዞ ገንዘብ መናቅ ምን ይሉታል?

ጨረቃ ላይ ሙዚቃውን ለመስማት ቆማችሁ የምትመቱትን አልቆጣም። የሙዚቃ ደራሲው የሂሮሺጌ ቶኖሙራ ሥራ ነው፣ እኔም ቆሜ ተመትቻለሁ። ብቻ አስቡበት፣ ላይፍ ካለቀ ኮንቲኒው የሚባል ነገር የለም። ከዜሮ ትጀምራላችሁ። በኢሙሌተር፣ ማለትም የድሮ ጌም በኮምፒውተር በሚያጫውት ፕሮግራም፣ በየእርምጃው ሴቭ የምታደርጉም አላችሁ። ዝም ብያለሁ።

አምስቱ ስቴጆች ሲያልቁ ወደ ትራንሲልቫኒያ ተመልሳችሁ ድራኩላ ዳክን ትገጥማላችሁ። ከገደላችሁት በኋላ ጆይስቲኩን አታስቀምጡ። እኔ አስቀምጬ ነበር። ጨረስኩ ብዬ፣ እያፏጨሁ ሻይ ልቀዳ ተነሳሁ። ለካ ወደ ሀብቱ ሣጥን በገመድ የመውጣት እሽቅድምድም አለ። ብርጭቆዬን ይዤ ስመለስ የስክሩጅ ተቀናቃኝ ፍሊንትሃርት ግሎምጎልድ ወፍ የሆነችው ጠንቋይዋ ማጂካ ላይ ተንጠልጥሎ ሣጥኑ ጋ ደርሷል።