ካልጋሪ ስትገቡ፦ ከአድራሻው መጨረሻ ያሉትን ሁለት ፊደላት እዩ

ካናዳ፣ ካልጋሪ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት እንጀራ ፍለጋ ወጣሁ። «17ኛ አቬኑ ላይ የሐበሻ ሱቅ አታጣም» ተብዬ ነበር። አቬኑውን አገኘሁት፤ ግራና ቀኙ ግን ቡና ቤትና የልብስ መደብር ብቻ ነው። ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ገደማ፣ ጫማዬም ከመርካቶ የተገዛ ስስ ጫማ። ከመንገዱ ስም በኋላ የተጻፉትን ሁለት ፊደላት ከቁብ አልቆጠርኳቸውም ነበር። የቆምኩት ሳውዝ ዌስት (SW) ነው፤ እንጀራው ያለው ሳውዝ ኢስት (SE)፣ ፎረስት ሎውን ሰፈር። በመካከላችን ሁለት ወንዝ አለ፤ ኤልቦውና ቦው።

ከተማዋ በአራት ትከፈላለች፦ ኖርዝ ኢስት (NE፣ ሰሜን ምሥራቅ)፣ ኖርዝ ዌስት (NW፣ ሰሜን ምዕራብ)፣ ሳውዝ ኢስት (SE፣ ደቡብ ምሥራቅ)፣ ሳውዝ ዌስት (SW፣ ደቡብ ምዕራብ)። ሰሜኑን ከደቡቡ የሚለየው በአብዛኛው የቦው ወንዝ ነው፤ ወደ ምሥራቅ ሲሄድ ደግሞ ሴንተር አቬኑና ሜሞሪያል ድራይቭ። ምሥራቁን ከምዕራቡ ሴንተር ስትሪት ይለየዋል፤ ወደ ደቡብ ሲወርድ ማክላውድ ትሬል ይተካዋል። ስትሪት ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ አቬኑ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። የመንገዶቹ ቁጥር ከእነዚህ ድንበሮች ተነሥቶ በየአቅጣጫው ስለሚያድግ አንድ ቁጥር በከተማዋ ተቃራኒ ጫፎች ሊገኝ ይችላል። ይህን የለመደ ሰው ካርታ ሳያወጣ ቤት ያገኛል፦ አቬኑ ላይ ያለ ቤት ቁጥሩ በ4000ዎቹ ውስጥ ከሆነ 40ኛው ስትሪት አካባቢ ነው። አቅጣጫ ከጠፋባችሁ፣ ሰማዩ በጠራ ቀን የሮኪ ተራሮች የሚታዩት ሁልጊዜ በምዕራብ ነው።

አዳዲሶቹ ሰፈሮች ግን ይህን ሥርዓት አያውቁም። የአንድ ሰፈር መንገዶች ስማቸው ብዙውን ጊዜ በሰፈሩ ስም መነሻ ይጀምራል። ታራዴል ብትከራዩ ታራሌክ፣ ታራኮቭ፣ ታራቪስታ የሚባሉ መንገዶች ይከቧችኋል፤ ቤቶቹም መንታ ይመስላሉ። «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት» ብሎ ማስረዳት እዚህ አይሠራም። ሙሉ አድራሻውን ከነፖስታ ኮዱ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኪሳችሁ ያዙ፤ የስልክ ባትሪ በብርድ ቶሎ ያልቃል።

እ.ኤ.አ. በ2021 በተደረገው ቆጠራ በከተማዋ 1,306,784፣ ዙሪያዋን ጨምሮ 1,481,806 ሕዝብ ተመዝግቧል። ከመቶ 88ቱ የሚኖረው በአንድ ማዘጋጃ ቤት ሥር ነው ማለት ነው። ለአዲስ መጪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከዳር እስከ ዳር ያለው የአውቶቡስና የባቡር ድርጅት አንድ ነው። በዙሪያዋ ያሉት ኤርድሪ (74,100 ሕዝብ)፣ ኮክረን (32,199) እና ቼስተርሚር (22,163) ግን ራሳቸውን የቻሉ ከተሞች ናቸው። መኪና ሳትይዙ እዚያ ቤት ለመከራየት አትቸኩሉ። ከሰሜን ወሰኑ ባሻገር ባልዛክ አካባቢ ባሉት መጋዘኖች ሥራ ስታገኙም፣ ከመፈረማችሁ በፊት የሌሊቱ ፈረቃ ሲያልቅ በምን እንደምትመለሱ ጠይቁ።

ስፋቷ 820 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ሕዝቧ ከአዲስ አበባ እጅግ ያነሰ ሆኖ መሬቷ ይበልጣል። ርቀቱ የሚያታክተው ለዚህ ነው።

ብዙ አዲስ መጪ የሚያርፈው ኖርዝ ኢስት ነው። አውሮፕላን ማረፊያው እዚያ ነው፤ ሰማያዊው የባቡር መስመርም እስከ ሳድልታውን ይደርሳል። በመንገዱ ፑንጃቢና ታጋሎግ ትሰማላችሁ፤ አማርኛም አልፎ አልፎ ከኋላችሁ ይመጣል፣ ስለዚህ ሰው ከማማታችሁ በፊት ዞር ብላችሁ እዩ። የሰፈሩ ክፉ ነገር ጠጠር በረዶው ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2020 የወረደው በረዶ የቤት ግድግዳ በስቶ፣ የመኪና መስታወት አርግፎ፣ ከ1 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ የመድን ክፍያ አስወጥቷል። መኪና ስትገዙ መድኑ የበረዶ ጉዳት ይሸፍን እንደሆነ ጠይቁ፤ ርካሹ ብዙ ጊዜ አይሸፍንም።

ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,045 ሜትር ላይ ናት። ከደጋ የመጣ ሰው ከፍታው አያስቸግረውም፤ ከንፈር የሚሰነጥቀው ደረቁ አየር ነው። በክረምት መካከል ሺኑክ የሚባል ሞቃት ነፋስ ከተራሮቹ ይወርዳል። በምዕራብ ሰማይ ደመናው እንደ ቅስት ሲዘረጋ ካያችሁ መምጣቱ ነው። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብርዱ ይሰበርና በረዶው ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል፤ አንዳንዱን ሰው ራሱን ያመዋል። እኔ በመጀመሪያው ሺኑክ ክረምቱ አለቀ ብዬ ካፖርቴን ሻንጣ ውስጥ ቆለፍኩት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሻንጣውን ስፈታ አውቶቡስ አመለጠኝ።