ትልቅ የቅንጦት ሞተር ጀልባ ከመግዛትዎ በፊት፦ መስህቡን ከወጪው ጋር ማመዛዘን

ትልቅ የቅንጦት ሞተር ጀልባ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው የሽያጭ ዋጋውን ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ከሌሎች ሁለት ጥያቄዎች መቅደም የለበትም፤ እነዚህም ጀልባው በየዓመቱ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚጠይቅና ባለቤቱ በዓመት ውስጥ በእርግጥ ስንት ቀን እንደሚሳፈርበት ናቸው። የመግዣው ገንዘብ አንድ ጊዜ ተከፍሎ ያበቃል፤ የማስተዳደሪያው ወጪ ግን ጀልባው ወደብ ላይ ታስሮ በሚከርምበት ወቅትም አይቋረጥም። እዚህ ላይ የማተኩረው ከ18 እስከ 30 ሜትር ርዝመት ባላቸው ጀልባዎች ላይ ነው፤ እንደ 180 ሜትሩ «አዛም» ያሉት ግዙፎች በሌላ ሚዛን የሚታዩ ናቸው።

ፍላጎቱን ማቃለል አይገባም። መንገድ በማይደርስበት የባሕር ወሽመጥ መልህቅ ጥሎ ማደር፣ ጠዋት ከመኝታ ክፍል ወጥቶ ከኋለኛው መድረክ በቀጥታ ወደ ውሃው መግባት፣ ቤተሰብና ወዳጅ ይዞ አልጋ ሳይቀይሩ ከደሴት ደሴት መዘዋወር በሌላ መንገድ የማይገኝ ነፃነት ነው። የእጅ ሥራው ውበትም ራሱን የቻለ መስህብ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1842 በጣሊያኗ ሳርኒኮ የተመሠረተው ሪቫ ስሙን የተከለው በማሆጋኒ እንጨት በሠራቸው ፈጣን ጀልባዎች ነው። የግሪኩ ባለ መርከብ አሪስቶትል ኦናሲስ ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያገለገለ የካናዳ የጦር መርከብ ገዝቶ እ.ኤ.አ. በ1954 «ክሪስቲና» የተባለች የቅንጦት መርከብ አድርጎ አስለውጦታል፤ እሷም ለእሱ ከመጓጓዣነት ይልቅ መኖሪያና የእንግዳ መቀበያ ነበረች። ሪቫና ክሪስቲና ሁለት የተለያዩ ፍላጎቶችን ያሳያሉ፤ አንደኛው በውሃ ላይ በፍጥነት መጓዝ ሲሆን ሁለተኛው በውሃ ላይ ተረጋግቶ መኖር ነው። የመጀመሪያው ሥራዎ ከሁለቱ የእርስዎ የትኛው እንደሆነ መለየት ነው፤ በእኔ እምነት አብዛኛው የማያስፈልግ ወጪ የሚመጣው ይህ ሳይለይ ከሚደረግ ግዢ ነው።

ይህ የሚያስፈልገው ፍጥነት የቀረውን ሁሉ ስለሚወስን ነው። ውሃውን እየገፋ የሚሄድ ከባድ ቀፎ (ውሃው ላይ የሚያርፈው የጀልባው አካል) ያለው ጀልባ ርዝመቱ የሚፈቅድለት የፍጥነት ጣሪያ አለው፤ ውሃውን የሚነካው ርዝመቱ 25 ሜትር ከሆነ ይህ ጣሪያ 12 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ነው) ያህል፣ ማለትም በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ለመሄድ ቀፎው በራሱ ማዕበል ላይ ተነሥቶ በውሃው ገጽ መንሸራተት አለበት፤ ለዚህም ቀላል አካልና እጅግ ትላልቅ ሞተሮች ያስፈልጉታል። የናፍጣ ሞተር በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 0.2 ሊትር ያህል ነዳጅ እንደሚፈጅ ቢታሰብ፣ እያንዳንዳቸው 1,500 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሁለት ሞተሮች በሰዓት ወደ 600 ሊትር ይጨርሳሉ። ያው ጀልባ ወደ 10 ኖት ቢቀዘቅዝ ፍጆታው በሰዓት ከ100 ሊትር በታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ሻጩ የሚነግርዎትን ከፍተኛ ፍጥነት ብቻ ይዘው አይመለሱ፤ በ10፣ በ18 እና በ25 ኖት በሰዓት ስንት ሊትር እንደሚፈጅ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ይጠይቁ፤ ከዚያም ሊትሩን ለፍጥነቱ አካፍለው ለአንድ የባሕር ማይል የሚወጣውን ነዳጅ ያስሉ።

ርዝመትም እንዲሁ ያሳስታል። ርዝመቱ ሲጨምር ስፋቱና ቁመቱም አብረው ስለሚያድጉ፣ በሁሉም አቅጣጫ በእጥፍ ያደገ ጀልባ ይዘቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ የሚቀባው፣ የሚቀዘቅዘው፣ የሚጸዳውና የሚጠገነውም አብሮ ይሰፋል። በዚህ ላይ 24 ሜትር ወሳኝ ወሰን ነው። የአውሮፓ ኅብረት የመዝናኛ ጀልባዎች መመሪያ የሚመለከተው ከ2.5 እስከ 24 ሜትር ያሉትን ነው፤ ከዚያ በላይ ያሉት፣ በተለይም የሚከራዩ ከሆነ፣ ጥብቅ የሆነ የደኅንነትና የሠራተኛ ብቃት ሕግ ይጠብቃቸዋል። በርካታ አምራቾች ቀፎውን ከ24 ሜትር በጥቂቱ አሳጥረው የሚሠሩት በዚህ ምክንያት ነው። በመመሪያው ውስጥ ላለ ጀልባ ደግሞ የንድፍ ምድቡን ይመልከቱ፤ ምድብ «ኤ» ከ4 ሜትር በላይ ለሆነ ማዕበልና በቦፎርት መለኪያ ከ8 ለሚበልጥ ነፋስ የታሰበ ሲሆን፣ ምድብ «ቢ» እስከዚያ ወሰን ድረስ ብቻ ነው።

ወደ ዓመታዊው ወጪ ስንመጣ፣ በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች በተለምዶ የሚጠቀሙበት ግምት የመግዣው ዋጋ 10 በመቶ ነው። በ3 ሚሊዮን ዩሮ የተገዛ ጀልባ በዓመት 300,000 ዩሮ ያህል ይጠይቃል ማለት ነው። ግምቱ ለመነሻ ይረዳል፤ ይሁን እንጂ ያገለገለ ጀልባ ሲገዛ ያታልላል፤ ምክንያቱም ዋጋው በግማሽ የወረደ የ15 ዓመት ጀልባ የወደብ ኪራዩም፣ የካፒቴኑ ደመወዝም፣ የሞተሩ መለዋወጫም አብሮ በግማሽ አይወርድም። ለእንዲህ ያለው ጀልባ 10 በመቶውን ማስላት የሚገባው አዲስ ሳለ ከነበረው ዋጋ ላይ ነው።

ከዝርዝሩ ውስጥ ከባዱ ሠራተኛ ነው። ሃያ ሜትር ገደማ ያለውን ጀልባ ልምድ ያለው ባለቤት ራሱ ሊነዳው ይችላል፤ ወደ 24 ሜትርና ከዚያ በላይ ሲደርስ ግን ቋሚ ካፒቴን፣ ብዙ ጊዜም ተጨማሪ ረዳትና አስተናጋጅ ያስፈልጋል፤ ለእነሱም ደመወዝ ብቻ ሳይሆን መኝታ፣ ምግብ፣ መድንና የዕረፍት ጊዜ ይታሰባል። የወደብ ማቆሚያ በርዝመት፣ በብዙ ቦታም በስፋት ይከፈላል። የመድን ድርጅቶች የባለቤቱን ልምድ ይጠይቃሉ፤ ጀልባው በአትላንቲክ አውሎ ነፋስ ወቅት፣ ማለትም ከሰኔ እስከ ኅዳር መጨረሻ ባለው የፈረንጆች አቆጣጠር፣ ከተወሰነ አካባቢ እንዲርቅ የሚያስገድዱም አሉ። ጀልባው በየዓመቱ ከውሃ ወጥቶ ዛጎልና አልጌ እንዳይጣበቅበት የሚከላከለው ቀለም ይታደሳል፤ ብረቱን ከመበላት የሚያድኑት የዚንክ ቁራጮችም ይቀየራሉ። ጄኔሬተሩ፣ አየር ማቀዝቀዣው፣ የባሕር ውሃ ማጣሪያው፣ መናወጥን የሚቀንሰው ጋይሮስኮፕ ወይም ክንፍ፣ ሁሉም የየራሳቸው የአገልግሎት ሰዓት አላቸው። ጨውና እርጥበት የቆመውን መሣሪያ ከሚሠራው ባልተናነሰ ያበላሻሉ፤ ስለዚህ በዓመት ሁለት ሳምንት ብቻ የሚንቀሳቀስ ጀልባ ወጪው ይቀንሳል ብሎ ማሰብ ትክክል አይደለም።

በመሆኑም አጥብቄ የምመክረው ከመግዛት በፊት ተመሳሳይ መጠንና ዓይነት ያለውን ጀልባ ከነሠራተኛው ለአንድ ሳምንት መከራየት ነው። በሜዲትራኒያን በተለመደው አሠራር ከኪራዩ በተጨማሪ ለነዳጅ፣ ለምግብና ለወደብ የሚውል ከ25 እስከ 35 በመቶ የሚደርስ ቅድሚያ ክፍያ ይያዛል፤ ለሠራተኞቹም ጉርሻ ይታሰባል። ሳምንቱ ሲያልቅ ካፒቴኑ የሚያቀርብልዎትን የወጪ ዝርዝር በጥንቃቄ ያንብቡ፤ ከማንኛውም የሽያጭ መግለጫ የበለጠ ያስተምራል። ሌሊት መልህቅ ተጥሎ ሳለ የጄኔሬተሩ ድምፅ መኝታ ክፍሉ ድረስ መሰማት አለመሰማቱን፣ ከጎን በሚመጣ ማዕበል እንግዶችዎ እንዴት እንደሚሆኑም የሚያውቁት ያኔ ነው። በዓመት ከጥቂት ሳምንታት በላይ ለማይሳፈር ሰው እስከ መጨረሻው መከራየቱ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ።

ለመግዛት ከወሰኑ፣ ዋጋው በስምምነት ተይዞ ብዙውን ጊዜ 10 በመቶ መያዣ ይከፈላል፤ ግዢው በምርመራና በባሕር ላይ ሙከራ ላይ የተመሠረተ መሆኑ በውሉ ይጻፍ። መርማሪውን እርስዎ ይቅጠሩት፤ ሻጩ ወይም ደላላው የጠቆመውን አይቀበሉ። ለሙከራው ሲሄዱ ሞተሮቹ ቀዝቃዛ መሆን አለባቸው፤ እጅዎን አስጠግተው ሙቀት ከተሰማዎት ሌላ ቀን ይቅጠሩ፤ ቀዝቃዛ ሞተር የሚያሳየውን ድካም የሞቀ ሞተር ይደብቀዋልና። ሲነሣ ጭሱን ይመልከቱ፦ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ጥቁር ከሆነ ሞተሩ ከአቅም በላይ ተጭኗል ወይም አየር አጥሮታል፤ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ነዳጅን ወይም ወደ ሞተሩ የገባ ውሃን ያመለክታል። ባትሪ ይዘው ወደ ሞተር ክፍሉ ይውረዱ፤ በባሕር ውሃ ፓምፑና በጭስ ማውጫው ክርን ዙሪያ የደረቀ ነጭ የጨው ቅርፊት ካዩ ለረጅም ጊዜ የቆየ መፍሰስ አለ ማለት ነው። ጀልባው ከውሃ ሲወጣ መርማሪው የፋይበርግላሱን ቀፎ በትንሽ መዶሻ እያንኳኳ ያዳምጣል፤ ጥርት ያለ ድምፅ ደኅና ነው፤ የታፈነ ድምፅ ንብርብሮቹ መላቀቃቸውን ይጠቁማል። ከእያንዳንዱ ሞተርና ጄኔሬተር የዘይት ናሙና ተወስዶ በላቦራቶሪ ይመርመር። በሙሉ ፍጥነት ሲነዳም ሞተሮቹ አምራቹ የወሰነውን ዙር መድረሳቸው ይረጋገጥ።

የተጨማሪ እሴት ታክስን በተመለከተ፣ የሚጠቀሱልዎት ዋጋዎች ብዙ ጊዜ ያለ ታክስ ናቸው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚኖርና ጀልባውን ከኅብረቱ ውጭ ያስመዘገበ ባለቤት በጊዜያዊ መግቢያ ሥርዓት እስከ 18 ወራት ያለ ታክስ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ሁኔታዎቹ ጥብቅ ስለሆኑ የባሕር ሕግ ጠበቃ ሳያማክሩ አይፈርሙ።

በመጨረሻ፣ ስለ ሽያጩ ከግዢው ቀን ጀምሮ ያስቡ። ደላላው ከሻጩ 10 በመቶ ገደማ ይወስዳል፤ አዲስ ጀልባ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከዋጋው ብዙ ያጣል። የዘይት ቅያሪው፣ የቀለሙ እድሳት፣ የእያንዳንዱ መሣሪያ ጥገና ቀኑና የሞተሩ ሰዓት ተጽፎ ከደረሰኙ ጋር በአንድ መዝገብ ይቀመጥ፤ ቀጣዩ ገዢ ይዞት የሚመጣው መርማሪ ቀድሞ የሚጠይቀው ይህንን መዝገብ ነው።