የዓመቱን ፎቶዎች ስትሰበስቡ

የዓመቱን የተራራ ጉዞና የዘመድ ጥየቃ መለስ ብላችሁ ለማየት ካሰባችሁ፣ ከትዝታችሁ ይልቅ የስልካችሁን ፎቶዎች እመኑ። የፎቶው ፋይል የተነሳበትን ቀንና ሰዓት፣ የቦታ መጠቆሚያው ክፍት ከነበረም ሥፍራውን ጭምር ይይዛል። ችግሩ፣ ዘመድ በዋትስአፕ እንደ ተራ ፎቶ የላከላችሁ ምስል ይህን መረጃ አራግፎ፣ ጥራቱም ቀንሶ መድረሱ ነው። ስለዚህ «እንደ ሰነድ ላኩልኝ» በሉ፤ ፋይሉ እንዳለ ይደርሳል። ከየጉዞው ጥቂት ብቻ አስቀሩ (አንድን ፏፏቴ ከሃያ አቅጣጫ ማየት ማንንም አያስደስትም)። የቤተሰብ ፎቶ ላይ ግን አትቸኩሉ፤ አያቶችን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ፣ የእያንዳንዱን ሰው ስምና ዝምድና እየጠየቃችሁ ከሥሩ ጻፉ። ቅጂውን በፍላሽ ወይም በኮምፒውተር ላይም አኑሩ።